ከጋሽ ደምሰው ጋር እስከ ዘነበወርቅ

ንጋት፣ 18 ማዞሪያ

ገና ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ኪዮስኮቹ አልተከፈቱም፤ አንድ ቡና ቤት ደጃፍ የቢራ ሳጥን እየተራገፈ ነው። ረዳቱ «ዓለም ባንክ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል። ታክሲው ውስጥ ያለነው ግን እኔና አንዲት ዳቦ ያቀፈች ሴት ብቻ ነን። «ምኑ ነው የሞላው ወንድሜ?» ስለው ሳቀ።

አፌ አያርፍም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ሥራዬ ደግሞ ዝም ማለት ነው፣ ጉድ እኮ ነው! በቤተ ክርስቲያናችን ኀዘንተኛ የምጎበኝ አገልጋይ ነኝ። ድንኳኑ ተነስቶ ወንበሩ ወደ እድር ሲመለስ የእኔ ተራ ይደርሳል። ዛሬ የምሄደው ጋሽ ደምሰው ዘንድ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው አርፈዋል። ጋሽ ደምሰው ሆስፒታሉ የቀረውን የባለቤታቸውን ዕቃ ሊያመጡ ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለቱንም ጊዜ ከበሩ ተመልሰዋል። ትናንት ደውለው «ሰው አጠገቤ ይኑር። ብቻ አታውሪ» አሉኝ። እኔን!

ዓለም ባንክ

የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ጨርሼ በሩን ሳንኳኳ የአጥሚት ሽታ ተቀበለኝ። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። እትዬ አስካለ ታመው ሳለ ጋሽ ደምሰው በየማለዳው አጥሚት ሠርተው በፔርሙዝ ይወስዱላቸው ነበር።

«አሁንም እጄ ይሠራዋል» አሉ ድስቱን ሲከድኑ። «ማን እንደሚጠጣው እንጃ።»

ኮታቸውን ደርበው ተነሱ።

መንገድ ላይ

ታክሲው ጢም ብሏል። ጉልበቴ ላይ የማላውቃት ሴት የጎመን ዘንቢል ተቀምጧል። አየር ጤና ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ ሾፌሩ ክላክሱን ያስጮኻል።

«ያን ቀንም እዚሁ ነበር የቆምኩት» አሉ ጋሽ ደምሰው በመስኮቱ እያዩ። «ስደርስ አርፋለች። ቁርሷን ሳትቀምስ። ነርሷን አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃት። ‹ደምሰው የታለ› ብላ ነበር ወይ?»

ስንት ነገር ልላቸው ፈለግኩ! የጎመኑን ዘንቢል አጥብቄ ያዝኩ።

ዘነበወርቅ

የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው «ፍተሻ፣ አባቴ» አለ። ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ። ጠያቂው ሁሉ ምሳ ዕቃ እያንጠለጠለ እየገፋን ያልፋል። ብዙ ከቆየን በኋላ የሹራቤን እጅጌ ያዙና ገባን።

ነርሷ በፌስታል የታሰረውን ዕቃ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሻሽ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፔርሙዙ። ፔርሙዙ ታጥቧል። ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

«አባቴ፣ እኔ ያን ቀን ተረኛ አልነበርኩም። የነበረችው ልጅ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውራለች። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሽ ደምሰው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? ጠርታኝ ይሆን?»

አዎ ብላቸው ምን ነበረበት? አንዲት ቃል!

«አላውቅም፣ ጋሼ» አልኩ።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፔርሙዙን አቅፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። አይዞዎት አላልኩም። ለቅሷቸው እስኪወጣላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ተመልሰን ዓለም ባንክ

ወደ 18 የምሄድበት ታክሲ ሌላ ነው፤ ትቼው አብሬያቸው ተመለስኩ። ደረጃውን ስንወጣ መሀል ላይ አረፍ አሉ።

«ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ‹ሳትጨነቅ ነው ያረፈችው› ይለኛል። ማን ነገረው? አንቺ ስላልዋሸሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ቤት ገብተው የጠዋቱን አጥሚት አሞቁ። ፔርሙዙ ውስጥ ገለበጡና በክዳኑ ቀድተው ሰጡኝ። ለራሳቸው በብርጭቆ ቀዱ። አጥሚት ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። ጠጣሁ።

ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ስኳር የለውም፣ አይደል?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

ሳቁ፤ ከሳቁ ጋር እንባቸውም መጣ። «አስካለም በየጠዋቱ ይህንኑ ነበር የምትለኝ።»

ተነስተው ስኳሩን አመጡ።