የዘላቂው ፍጆታ በሬ

እዚህ ደብረ ታቦር፣ ዘላቂ ምርትና ፍጆታን የሚያጠና የአካባቢው ተመራማሪዎች ማኅበር ልንመሠርት ተነሣን። አባል ሳይኖረን ሊቀመንበር ነበረን። እሱም የበሬ ሥጋ መብላት ምድርን እንዴት እንደሚጎዳ ያጠናውን ሊያቀርብ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠራ፤ ሁለቴም እሱና እኔ ከባዶ ወንበር ጋር ተፋጠጥን።

ቢቸግረኝ፣ በሦስተኛው ጥሪ ላይ «ለፋሲካም ቅርጫ እንገባለን» ብዬ ጨመርኩ። ሳይንስ ምን ይሳነዋል! አዳራሹ ጢም አለ። ከእብናት የመጣ አንድ መምህር ገና ሳይቀመጥ «በሬው ታየ ወይ?» አለ። ማኅበሩ በጭብጨባ ተመሠረተ፤ በሬውም ተገዛ።

የፋሲካ ለት ጠዋት ሥጋው በየመደቡ ተከፋፍሎ ዕጣ ልናወጣ ስንል፣ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ጥናቱን ሊያቀርብ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አንድ ማሳሰቢያ አለኝ» አለ ኮስተር ብሎ። «ምላሱን ዕጣ ውስጥ እንዳታስገቡት፤ የሊቀመንበሩ ነው።»