ኢንቮይስ ጮክ ብለው ያነቡ የነበሩት እትዬ ወርቅነሽ

የማኅበራችን የሂሳብ ሠራተኛ ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ለጥቂት ቀናት ታመው ሰኞ ማለዳ ዐረፉ። ማክሰኞ ዕለት በተወለዱባት በጨንቻ ቀበርናቸው። አርባቸው ሳይወጣ ይህን የምጽፈው አብሬያቸው የሠራሁት ምሕረት ነኝ፤ የምጽፈውም ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው።

መርዶውን የሰማሁት ሲቀላ ሰፈር ባለው ቢሯችን፣ የማኅበሩን ኢሜይል ከፍቼ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። የደወሉልኝ ወንድማቸው ናቸው። «ምሕረት፣ እህቴ አለፈች» አሉኝ። እንባው በኋላ መጣ። መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ያልተከፈቱት መልእክቶች ስክሪኑ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ከእንግዲህ በእኔና በእነሱ መካከል የሚቆም ሰው የለም።

ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። የላንቴ ገበሬዎች ሙዛቸውንና ማንጎአቸውን ለማኅበሩ ያስረክባሉ፤ ማኅበሩ አዲስ አበባ ወስዶ ይሸጣል። ካርቶን ሻጩ፣ የጭነት መኪናው ባለቤት፣ ነዳጅ ማደያው ኢንቮይሳቸውን፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያቸውን፣ የሚልኩት በኢሜይል ነው። አንዱ «ሰላም» ብሎ ብቻ ይልካል። አንዱ በስልኩ ያነሳውን የተጣመመ ፎቶ ይልካል። የልጁን የልደት ፎቶ አብሮ አያይዞ የላከም አለ፤ እትዬ ለእሱ «ይደግልህ» ብለው መልሰውለታል። ይህን ሁሉ የሚለቅሙት እሳቸው ነበሩ። ማስታወቂያውን ከኢንቮይሱ ይለያሉ፣ በእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ ቀኑንና ሻጩን ይጽፋሉ፣ በየወሩ ፎልደር ያስቀምጣሉ። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» እያሉ፣ የማይረባው መልእክት የሚጣልበትን ክፍል እንኳ ሳያገላብጡ አይውሉም ነበር።

እትዬ ፈሪ ነበሩ። ይህን የምለው ላሳንሳቸው አይደለም፤ ራሳቸውም ይኮሩበት ነበር። መልእክት ከመክፈታቸው በፊት መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል ያነባሉ፣ ከዚያ የሚያውቁት ስልክ ላይ ደውለው «የላክኸው አንተ ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ትዕግሥት የለኝም። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ «እትዬ፣ እባብ ነው እንዴ ያለበት?» አልኳቸው።

«እባብማ ይሻላል» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። «ጭራውን ታይዋለሽ።»

ሌላም ጊዜ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «የማይፈራ የሂሳብ ሠራተኛ ካያችሁ፣ እሱን ፍሩት።»

ከሁሉ የሚገርመኝ የዓርቡ ንባብ ነው። ጨንቻ ሲያድጉ ያዩት ዱቡሻን ነው። ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ሕዝብ እየሰማ ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው፤ እዚያ ተሸፍኖ የሚወሰን ነገር የለም። እትዬም ይህንኑ ልማድ ወደ ቢሯችን አመጡት። ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ኢንቮይሶች ያትሙና፣ ምንም ሳይከፈል በፊት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ወንበር አስወጥተው ጮክ ብለው ያነቧቸዋል። ማን ላከው? ምን አመጣ? መቼ አመጣ? ጫኞቹ፣ ዘበኛው፣ ሂሳቡን ሊቀበል የመጣ ገበሬ፣ ሁሉም ይሰማል። «ኢሜይል ፊት የለውም፤ እስቲ ድምፅ እንስጠው» ይሉ ነበር።

ጫኞቹ ያሾፉባቸዋል። «እትዬ፣ ዛሬ ንባቡ ከየትኛው ወንጌል ነው?»

«ከናፍጣ፣ ምዕራፍ አንድ። ቁም!»

ሊቀመንበራችን አቶ ማርቆስ ሰዓታቸውን እያዩ ይተነፍሳሉ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ መንገደኛ በአጥር በኩል ቆሞ ሲያየን አፍር ነበር።

አንድ ዓርብ አንዲት አሮጊት ከላንቴ መጡ። አማርኛ ብዙም አይሰሙም። ለመኪና ተብሎ ከሒሳባቸው የተቀነሰው አልገባቸውም፤ ለመጠየቅም ፈርተው በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን ያፍተለትላሉ። እትዬ ከራሳቸው ወንበር ተነሥተው አስቀመጧቸው፤ የመኪናውን ኢንቮይስ ይዘው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉና በጋሞኛ አነበቡላቸው። አሮጊቷ እንደገባው ሰው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እትዬ አላመኗቸውም፤ ደገሙላቸው። በመጨረሻ አሮጊቷ ሲስቁ ነው የተነሡት። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ እትዬ ወደ እኔ ዞረው «የፈራን ሰው አስጠይቂው» አሉኝ። «ሳይጠይቅ ከሄደ ፍርሃቱ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።»

እንግዲህ የቀብሩን ሳምንት ልንገራችሁ።

ሰኞ ዕለት፣ በአቶ ማርቆስ ትእዛዝ፣ እትዬ ማረፋቸውንና ከእንግዲህ ሥራውን እኔ እንደምይዝ ለደንበኞቻችን ሁሉ በኢሜይል ጻፍሁ። ማክሰኞ ሁላችንም በጭነት መኪና ተሳፍረን ወደ ጨንቻ ወጣን። ሐሙስ ስመለስ አንድ መልእክት ጠበቀኝ። ከካርቶን ሻጩ ነው። ስሙ ያው፣ ማኅተሙም ያው ነው። ለእኔ በስሜ የተጻፈ ነበር፦ «ውድ ምሕረት፣ በደረሰባችሁ ሐዘን ልባችን ተነክቷል።» ቀጥሎ፣ ለተረከብነው ካርቶን የሚከፈለው በአዲሱ የባንክ ሂሳባቸው እንዲገባ፣ እስከ ዓርብ ካልገባም የሚቀጥለው ጭነት እንደሚቆም ይገልጻል። ኢንቮይሱም ተያይዟል።

አቶ ማርቆስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ማንጎው ተለቅሞ ግቢ ገብቷል፣ ያለ ካርቶን ይበሰብሳል። የመጋዘን ኃላፊው ገና ከለቅሶ ስላልተመለሰ ምን እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ባንክ ያለው ደግሞ የወቅቱ የማንጎ ገንዘብ ነው፤ ከዚያ ሌላ ለገበሬው የሚከፈል የለንም። በማግሥቱ ጠዋት አቶ ማርቆስ «ክፈይ እንጂ ልጄ፣ ሰዎቹ እኮ ሐዘናችንን ተካፍለውናል» አሉኝ። ብከፍልም እፈራለሁ፣ ባልከፍልም እፈራለሁ። የት እንደምደበቅ ጠፋኝ።

«ዓርብ ነው» አልኳቸው። «ላንብበው።»

ወንበሩን አስወጣሁ። ጫኞቹ ተሰበሰቡ፤ በዚያ ቀን ማንም አላሾፈም። ማንበብ ጀመርሁ። ማን ላከው፣ ካርቶን ሻጩ። ምን አመጣ፣ የማንጎ ካርቶን። መቼ አመጣ፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ።

ዘበኛችን ጋሽ ጎበዜ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላ ቆመው ነበር። «መቼ አልሽ?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞማ እትዬን ቀበርን» አሉ። «እኔ ራሴ በሩ ቆልፌ፣ ቁልፉ ኪሴ ከትቼ ነው የወጣሁ። ማን ከፍቶ ማን አወረደ?»

አንደኛው ጫኝ አማተበ። ቀድሞ በምናውቀው ስልክ ለካርቶን ሻጩ ደወልሁ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ሰውዬው ባንክ እንዳልቀየሩ፣ በዚያ ሳምንትም ካርቶን እንዳልላኩልን ነገሩን። ያጽናናኝንም መልእክት እሳቸው አልጻፉትም። አቶ ማርቆስ ግንቡ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ ገንዘቡ ስለተረፈ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ደስ አላለኝም። አንድ የማላውቀው ሰው የጻፍሁትን መርዶ አንብቦ፣ ስሜን ይዞ፣ በሐዘናችን በኩል ገብቶ ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

እትዬ፣ አሁን ለእርስዎ ልንገርዎ።

«ውድ ወይዘሮ ወርቅነሽ» የሚሉ መልእክቶች አሁንም ይመጣሉ፤ ያልሰሙ አሉ። ልሰርዛቸው አልቻልሁም፤ በየወራቸው አስቀምጣቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት እፈራለሁ። መነጽር ባይኖረኝም ዓይኔን አሻሽቼ አድራሻውን ፊደል በፊደል አነባለሁ። ስደውልላቸው የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ።

በፍርሃትዎ ያሾፍሁብዎት እኔ ዛሬ እሱኑ ወርሻለሁ። ያን ሳምንት ያዳነን የእርስዎ ቀብር ነው፤ በራችን የተዘጋው ለእርስዎ ነበርና። እርስዎን ግን ሁለት ጊዜ አንቀብርም። ያ ሰው ተመልሶ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ቀኑም ትክክል ሆኖ፣ እኔ ብቻዬን የተቀመጥሁ ዕለት ይሆናል። እሱን እያሰብሁ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ።

ቢሆንም ዓርብ ሲደርስ ወንበሩን አወጣለሁ። ጋሽ ጎበዜ ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ፤ «መቼ?» ማለትን ለምደዋል። ጮክ ብዬ አነባለሁ።

እርስዎ ይረፉ፣ እትዬ። ዕድሜዎን ሙሉ ስለ እኛ ፈርተዋል፤ ይበቃዎታል። አሁን ተራው የእኔ ነው።