ያልጣልኩት ደብተር

«ብታቋርጪም ደብተርሽን እንዳትጥይው» ብለውኝ ነበር የእንግሊዝኛ መምህሬ፣ ከስምንተኛ ክፍል ስወጣ።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ታቅፌ ከሮቤ ወደ ጎባ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይጨቃጨቃሉ። «ሌንድ» እና «ቦሮው» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ተምታተውባቸዋል፤ ፈተናቸው ደግሞ ልክ ጎባ እንደደረሱ ነው።

«ሌንድ ማዋስ ነው፤ ቦሮው መዋስ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አዴ፣ አንቺ ልጅሽን ያዢ!» አለኝ አንደኛው፣ በአካባቢያችን ሴትን በአክብሮት በሚጠሩበት ቃል። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ጋቢና የተቀመጡት፣ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው የደፉት ሰውዬ ዞር አሉ። ተማሪዎቹ ክው አሉ። ለካ ፈታኛቸው ናቸው!

«ትክክል ናት» አሉ። «አይ እህቴ፣ አንድ የፈተና ጥያቄዬን አበላሸሽብኝ እኮ!»

ያ «ልጅሽን ያዢ» ያለኝ ተማሪ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ፦ «አዴ፣ እባክሽ ሌላም ካለ ንገሪን።»

ቤት ስገባ ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁና፣ ከመጨረሻው መስመር ቀጥዬ፣ ክፍል ውስጥ ትምህርት ስንጀምር እንደምናደርገው፣ የዕለቱን ቀን ጻፍኩ።