አምባዛ ያዘልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አንዲት ሸክላ ሠሪ እንስራዋ እንደማያፈስ ልታሳይ ውሃ ስትሞላበት፣ ያ የራሰ ሸክላ ሽታ አወደኝ። ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ሴትየዋ የምገዛ መስሏት ዋጋ ጠራችልኝ። እኔ ግን መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበርኩ፤ ጀርባዬ ላይ እንስራ፣ እንስራው ውስጥ አምባዛ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ከደብራችን በታች የጠበል ኩሬ ነበረች። ዓሣዎቿ የጠበሉ ናቸውና ማንም አይነካቸውም። ከሁሉም ትልቋን፣ አንድ ጢሟ የተቆረጠባትን አምባዛ፣ "እመት" እንላት ነበር። እመት ብቅ ስትል ያየ ቀኑ ይቀናዋል ይባላል። ዓሣ ያለው ጠበል እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ይመስል ጎረቤት መንደር ላይ እንኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረና ኩሬዋ ጭቃ መሆን ጀመረች። ሽመሎች ዳር ዳሯን ቆመው ይጠብቁ ነበር። የደብሩ አለቃ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስበው፣ "እንዳንበላቸው የጠበል ናቸው፤ እያየን ይሙቱ ማለትም ነውር ነው። ጀማ ይውረዱ" አሉ።

ጎረምሶቹ አፉ የተቆረጠ የእርዳታ ዘይት ጀሪካን ይዘው መጡ። እናቴ እንስራ አመጣች።

"እማማ፣ ዓሣውን ጠላ አደረጉት እንዴ?" ብሎ አንዱ አሳቃቸው።

"ጀሪካን ፀሐይ ላይ ይፈላል፤ ሸክላ ግን ያልበዋል፣ ውሃው አይሞቅም። እመትን የኔ ልጅ ትወስዳታለች" አለች እናቴ።

እመትን በጭንቅላቷ አስገቧት። እናቴ የእንስራውን አፍ በለምለም ቅጠል ላላ አድርጋ ሸፈነችና አሳዘለችኝ። ቁልቁለቱን ስጀምር አምባዛዋ ወገቤን ትደልቀው ነበር። ኋላ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ያ ድለቃ ትዝ ብሎኝ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

መንገዱ ሲጋመስ እመት ዝም አለች።  የመንደሩ እመት እኔ ጀርባ ላይ ሞተች ሊባል ነው! ላወርዳት ስል እናቴ ከኋላዬ ጮኸች፦ "እንዳትቆሚ! ውሃው ካልተናጠ ትታፈናለች!" እንባዬና ላቤ ተቀላቅሎ እየወረደ ሄድኩ።

ጀማ ስንደርስ ጀሪካኖቹ ውስጥ ብዙዎቹ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተገኙ። ያ ቀልደኛ ጎረምሳ አንገቱን ደፋ። እኔ እንስራዬን ቀስ ብዬ ዘቀዘቅኩት። እመት ዳር ላይ እንደ ግንድ ተጋደመች።  ከዚያ በጭራዋ ፊቴን በውሃ መታችኝና ወደ ጥልቁ ገባች። እልልታው ገደሉን ሞላው።

እናቴ ለኔ ምንም አላለችኝም፤ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ ብቻ። ዳገቱን ስንመለስ ግን ያገኘችውን ሁሉ እያስቆመች፣ "የኔ ልጅ እመትን አዝላ ጀማ አደረሰቻት" ትል ነበር። አህያ የሚነዳ መንገደኛ እንኳ አልቀረላትም።

በክረምቱ ኩሬዋ ሞላች፤ ዓሣ ግን አልተመለሰባትም። እኔ "ዓሣ አዛይዋ" ተብዬ ቀረሁ፤ ስሙን እወደዋለሁ።

እናቴ ስትቀበር አልቃሿ "የዓሣ አዛይዋ እናት" እያለች አወደሰቻት። ለቀስተኛው ወደኔ ዞሮ አየኝ። እያለቀስኩ ኮራሁ። ዛሬም ታሪኩን ለልጆቼ የምነግረው በኩራት ነው፤ ግን መንገደኛ አስቁሞ "የኔ ልጅ" የሚልልኝ ሰው የለም።