ኮርቻ ሰፊው አባቴና የስቴካው ጫፍ

ሰው በፑል መምቻው ዘንግ፣ በስቴካ ጫፍ ላይ አዲስ ቆዳ ለጥፎ ጎኑን ሳይጨርስ ሲተወው ካየሁ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ምኑ ይከብዳል? አዲስ ቆዳ ሁልጊዜ ከእንጨቱ ይሰፋል። ትርፉን ዙሪያውን በምላጭ ትከረክማለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ፣ ከዚያ ጎኑን በምራቅህ አርሰህ በሌላ የቆዳ ቁራጭ እስኪሞቅና እስኪያበራ ትፈትገዋለህ። ጎኑ ካልጠነከረ ኳስ በተመታ ቁጥር ቆዳው ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ ሲስት ደግሞ የሚሰድበው እኔን ነው። ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

አምቦ ውስጥ አንድ ፑል ቤት በረንዳ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቼ ስቴካ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ የቢሮ ሰዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። ጠባዬን ያውቁታል። ፊቴን አይተው «ዛሬም ተነስቶበታል» ይባባላሉ። እውነታቸውን ነው። ብዙ ቀን ይነሳብኛል።

አባቴ ደግሞ ወንጪ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ቀሩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አምቦ መጥተው አብረውኝ እንዲኖሩ ለመንኳቸው። «መጥቼ ምን ልሠራ? ተቀምጬ ልበላ?» ይሉኛል። በመጨረሻ ሥራ አለ አልኳቸው። አልዋሸሁም። ቆዳ ነው፣ ምላጭ ነው፤ የሳቸው ነገር ነው። አንድ ጆንያ ሙሉ የቆዳ ቁርጥራጭ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምኞት አልነበረኝም፤ እዚያው እንዲለምዱና እንዲቀሩልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ለመዱም። ስቴካውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በግራ እጃቸው እያሽከረከሩ ምላጩን ያስጠጉታል። ከሥሩ ያለውን ነጭ ቀለበት ሳይጭሩ፣ ትርፉን ቆዳ ሳይበጠስ እንደ ክር ያወጡታል። እኔ ስንት ዓመት ስከረክም አንድም ቀን እንዲያ ወጥቶልኝ አያውቅም። ደንበኞቼ ወር ሳይሞላ «የኦቦን እጅ ነው የምፈልገው» እያሉ አባቴን መጠየቅ ጀመሩ። ደስ አለኝ ብል ግማሽ ውሸት ነው። ቅናትም ነበረበት። ስለዚህ የመጨረሻውን መፈተግ ለሳቸው አልሰጥም ነበር። እሳቸው ከርክመው ያቀብሉኛል፤ ጎኑን አርሼ የማበራው እኔ ነኝ። ሲያበራም ያበራ ነበር፤ እኔው ራሴ እያገላበጥኩ አየው ነበር።

ከዚያ ስቴካዎቹ ይመለሱብኝ ጀመር። አንዱ ሲመታ ተንሸራተተ ይላል፤ ሌላው እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ የሚቀባውን ጠመኔ አልይዝ አለ ይላል። ሁሉንም የተጫዋች ሰበብ ነው ብዬ መለስኳቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የራሱን ስቴካ በቦርሳ ይዞ የሚዞር አንድ ወጣት መምህር መጥቶ የወለቀውን ቆዳ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ኮላው ለቆታል። «እስቲ አሽትተው» አለኝ።

አሸተትኩት። ቅቤ ቅቤ ይላል።

ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ኮርቻ ሰፊ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ያጠጣል፤ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ ከእነዚህ ቆዳዎች አንዱን በጣታቸው እያሹ «ይሄ ተጠምቷል» ብለው ነበር። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? በረንዳው በሰው ሞልቷል። ቤታችን የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ ያን ቀን ግን የመፈተጊያ ቁራጬን እንደጨበጥኩ፣ ሁሉም እንዲሰማልኝ በአማርኛ ጮህኩ።

«ይሄ ኮርቻ አይደለም! ማነው ቅቤ ቀባ ያለህ? ስሜን አጠፋኸው እኮ!»

አንተ አልኳቸው። ተወልጄ እስካድግ ከአንቱ በቀር ብያቸው የማላውቀውን አባቴን፣ በልጆች ፊት፣ አንተ አልኩ።

አባቴ ፊቴን አላዩም፤ እጄን ነው ያዩት። ምላጩን ወረቀቱ ውስጥ መልሰው ከተቱት፣ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ብናኝ አራገፉ፣ «እሺ፣ ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ተነስተው ሄዱ። ከኋላዬ አንዱ ሳቀ። ብዙ ጊዜ ያንን ሳቂ ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ግን እሱ ምን አደረገ? ያሳቅኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ብርድ ልብሳቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ወደ መናኸሪያ ሄደዋል፤ ጆንያው ግን ጥግ ላይ ቀርቷል። እኔም ይሂዱ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልክ ነኝ እያልኩ ለመጣው ለሄደው ሁሉ አወራሁ። ሽማግሌ ሥራ ላይ አታስጠጉ እያልኩ መካሪም ሆኜ ነበር፤ ምላሴን ይቁረጠውና።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ፣ ራሴ ለጥፌ፣ ራሴ ከርክሜ የጨረስኩት ስቴካ ተመለሰ። አባቴ በዓይናቸውም አላዩትም። ጫፉን አሸተትኩት፤ ያው ቅቤ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ምላጩንም፣ ብርጭቆ ወረቀቱንም፣ ኮላውንም አንድ በአንድ አሸተትኩ። በመጨረሻ ጎኑን የምፈትግባትን የቆዳ ቁራጭ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤ ገና ሳትደርስ ሸተተችኝ።

አባቴ የመጡ ቀን ራሴ ከጆንያው የመዘዝኳት ናት። ከአሮጌ ኮርቻ የተቆረጠች፣ ጥቁርና ለስላሳ ቁራጭ። «እሷን ተው፣ ቅቤ የጠጣች ናት፤ ደረቅ ውሰድ» ብለውኝ ነበር። እኔም አውቃለሁ አልኳቸው። የማላውቀው ነገር ስለሌለ! ያ ያኮራኝ ብርሃን ሁሉ የቅቤ ብርሃን ነበር። በፈተግኩ ቁጥር ሙቀቱ ቅቤውን እያቀለጠ ወደ ቆዳውና ወደ ኮላው እያስገባ፣ በገዛ እጄ፣ የገዛ ሥራዬን ሳበላሽ ከርሜያለሁ።

በማግስቱ ወንጪ ሄድኩ። አባቴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠፍር ይሰፋሉ። ተቀመጥ ሳይሉኝ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ቁራጯን ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ። «ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ስትጮህብኝ እጅህ ላይ ነበረች።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

ክሩን ሳብ አድርገው አጠበቁ። «ሰው ነበረ። እንጀራህ እነሱ ናቸው። በደንበኞችህ ፊት ላዋርድህ?»

በዚያ በጠፍሩ ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ላይ ራሱ ተናደድኩ፤ እንዴት ሰው እንዲህ ዝም ይላል? ይመለሱልኝ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። እጄን ቀስ ብለው አነሱት።

«እዚያ በረንዳ ላይ ምን ተብዬ ልቀመጥ?» አሉኝ።

እውነቱን ለደንበኞቼ እነግራለሁ አልኩ። ለእያንዳንዳቸው እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ መጥቼ እወስድዎታለሁ ብዬ ማልኩ። አባቴም እሺ አሉ።

ሰኞ ከሰዓት በረንዳው እንደተለመደው ሞላ። ቁራጯን ጥያታለሁ፤ ንጹሕ ደረቅ ቆዳ ይዣለሁ። ያ ወጣት መምህር ስቴካውን ይዞ መጣና ጎኑ እስኪከረከም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እውነቱን ልነግረው ምላጩን አስቀመጥኩ።

«ሽማግሌውስ? ጠፉ እኮ» አለኝ።

በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ዓይናቸው ደክሟል» አልኩት።

«ያስታውቃል። አይፈረድባቸውም» አለ።

ምላጩን አነሳሁ። «አዎ፣ አይፈረድባቸውም» አልኩ።