ዋንዛው ላይ ያልነበረው መቀነት

ባለፈው ቅዳሜ ወረታ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ማድጋ ልትገዛ ጎንበስ ብላ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ስታደርገው ሰማሁና ቆሜ ቀረሁ። ማድጋ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ የሚታወቀው በድምፁ ነው፤ ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። እኔ ግን ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ እናቴ ናት፣ ከመሬት በታች ሆና።

መንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ወዲህ፣ አንዲት ጉብታ ላይ ነበር። መንደሩን መንደር ያደረገው ጉድጓዱ ነው። ከጉብታው ሥር ጥቁር፣ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ የሸክላ አፈር ይወጣ ስለነበር፣ የአያቶቻችን እናቶች እሱን ተከትለው መጥተው፣ እሱን ሲቆፍሩ ወልደው፣ እሱን ሲያቦኩ አርጅተው እዚያው ቀሩ። የፎገራ ገበሬ ጠላውን የሚጠምቀው በኛ ጋን፣ ወጡን የሚሠራው በኛ ድስት ነበር፤ ከኛ ቤት ግን ውኃ አይጠጣም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት እናቴ «ጭቃ የነካ እጅ ያስፈራቸዋል፤ እነሱ ደመና የሚያርሱ ይመስል!» ትለኝና ትስቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባሕር ያደርጉታል፣ ጉድጓዱም በውኃ ይሞላል። ያን ጊዜ ሴቶቹ በበጋ ያከማቹትን አፈር እያቦኩ፣ እኛ ልጆች ደግሞ ከተረፈው ቁራጭ በሬና ላም እየሠራን፣ ዝናቡን ከደጃፍ እያየን እንከርም ነበር። መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲሸሽ መንገዱ ይከፈታል፣ ኅዳር ላይ ማድጋው በኩበትና በጭድ ይተኮሳል፣ ጥር ሲገባ ደግሞ ቁፋሮው ይጀመራል።

ወንዶቻችን ሸማኔዎች ስለነበሩ ቁፋሮው የሴት ሥራ ነበር። የጉድጓዱ አፍ ጠባብ ነው፤ ጎንበስ ብለሽ ትገቢና በደረትሽ እየተሳብሽ ወደ ጎን ወደ ጎን ትቆፍሪያለሽ። ከአፉ አጠገብ አንድ ዋንዛ ነበር፣ ሕጉም አንድ ነበር፤ የምትገባ ሴት መቀነቷን ፈትታ ቅርንጫፉ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ስትወጣ ታጥቃ ትሄዳለች። ዋንዛው ላይ መቀነት ካለ ከታች ሰው አለ፣ ከሌለ የለም። ስም መጥራት የለ፣ መቁጠር የለ፤ ዋንዛውን ቀና ብሎ ማየት ይበቃ ነበር።

ያን ቀን ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ወንዶቹ ሸማ ሊሸጡ ወረታ ወርደዋል። እኔ ከጭቃ አንዲት ሕፃን ሠርቼ፣ በፀሐይ አድርቄ፣ ላዝላት ብል ማዘያ አጣሁ። እናቴ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ጉድጓድ ከገባች ቆይታለች፣ ጠርዙ ቀይ የሆነው መቀነቷ ዋንዛው ላይ ይወዛወዛል። ተንጠራርቼ ሳብኩት፣ ልጄን አዝዬ ወገቤ ላይ አሰርኩትና እሹሩሩ እያልኩ ወደ ቤት ጀርባ ዞርኩ።

ጉድጓዱ ሲናድ ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ በሬ ሲተኛ ዱብ እንደሚለው ነው። ሮጬ ስመለስ ሴቶቹ አፈር ለብሰው እየተንፏቀቁ ወጥተው፣ መቀነታቸውን አንስተዋል። የእናቴ ታላቅ እኅት፣ እትዬ የውብዳር፣ ዋንዛውን ቀና ብላ አየችና «እልል በሉ! አንዲትም አልቀረች!» አለች። እናቴ ሸክሟን ይዛ ቀድማ ወደ ቤት የሄደች መስሏቸው ነው። እልልታው ቀለጠ። እኔም እልል አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ኋላ እጄን ወደ ወገቤ ብሰድድ መቀነቱን ነካሁ።

ብናገር መገረፌ ነው። አንድ ቅል ውኃ እስኪቀዳ ያህል ዝም አልኩ፤ ያችን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

«እትዬ…»

«ምንድን ነው አንቺ ደግሞ? ዞር በይ ከዚህ፣ ሊናድብሽ ነው!»

«የእማዬ መቀነት እኔ ጋ ነው።»

እትዬ የውብዳር አንዴ ወገቤን፣ አንዴ ጉድጓዱን አየችና፣ እልል ባለችበት አፏ ኡኡ አለች።

ኡኡታውን የሰሙት ታች ሜዳው ላይ ሽምብራ የሚያነሱት ገበሬዎች ነበሩ። ከፊት አያ ቢያዝን፣ ጎረቤታችን፣ ዶማውን ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። «ዝም በሉ! ሁላችሁም ዝም በሉ!» አለና በደረቱ ተኝቶ ጆሮውን መሬት ላይ ለጠፈ። ከዚያ እኛም ሰማነው። ኳ። ኳ። እናቴ የመቆፈሪያዋን ብረት ከድንጋይ ጋር ታጋጫለች።

«አለች! ዶማውን ተዉት፣ በእጅ! በእጅ!»

ጭቃችንን የሚሸሹት ሰዎች እስከ ክንዳቸው ገብተው ዛቁት። መጀመሪያ ክንዷ፣ ቀጥሎ ራሷ ወጣ። አፈሩን ከአፏ ተፍታ ያለችው የመጀመሪያ ቃል «መቀነቴን የወሰደ ማነው?» ነበር።

«ኧረ ይቺ ሴት! አፈሩ እንኳ አፏን አልዘጋውም!» አለ አያ ቢያዝን። ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ።

እሱ ግን እያለከለከ ቁጭ አለና ውኃ ለመነ። እትዬ የውብዳር ከማድጋችን በቅል ቀድታ፣ ልስጠው አልስጠው ብላ ስታመነታ ከእጇ ተቀብሎ ጭልጥ አደረገው፣ ከዚያም «ድገሚኝ» አለ።

አልተገረፍኩም። እናቴ መቀነቷን ከወገቤ ፈትታ ታጠቀች፣ ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀድዳ ሰጠችኝና «ልጅሽን በዚህ እዘይ። ዋንዛው አፍ የለውም ልጄ፤ የሚናገርልን መቀነቱ ነው» አለችኝ።

ዛሬ ጉድጓዱ የለም። ጀሪካን መጥቶ ማድጋ ፈላጊው ሲያንስ ቁፋሮው ቀረ፣ ጎርፉም ዓመት ዓመት ደለል እያመጣ ደፈነው፣ አሁን ሩዝ ይበቅልበታል። አንዳንዱ ሰው መንደራችን ሞተ ብሎ ያዝናል፤ እኔ ግን፣ ኃጢአት ካልሆነ፣ ያን ሩዝ ነፋስ ሲያስተኛው ባየሁ ቁጥር እፎይ እላለሁ። ሦስቱ የልጅ ልጆቼ ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ይሠራሉ፣ በባጃጅ ሄደው በባጃጅ ይመለሳሉ። እንደገቡ ነጠላቸውን ከበሩ ጀርባ ይሰቅሉታል፣ እኔም እንዳያዩኝ አድርጌ በዓይኔ እለቅመዋለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያኔ ጨርቅ ተሰቅሎ ከታየ ከታች ሰው አለ ማለት ነበር። ዛሬ ሲሰቀል ነው ሁሉም ቤት ገባ የምለው።