ወንድሜ የለፋባቸው ቃላት

ወንድሜን ማትሪክ የጣለው እንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡን አሳምሮ አልፎ በእንግሊዝኛው ውጤት ምክንያት የትም መግባት ሳይችል ቀረ። በዓመቱ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለደረስኩ አብረን ለመፈተን ወሰንን። ቤተሰቦቻችን ያሉት ኮምቦልቻ ነው፤ እኛ ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ሒሳብ ያስጠናኛል፣ እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ እረዳዋለሁ።

በዚያን ጊዜ በግል መፈተን ያስፈራ ነበር። ትምህርት ቤት የማይውል፣ ሥራም የሌለው ጎረምሳ ቀበሌ ዓይን ውስጥ ይገባል። ለብሔራዊ ውትድርና ሰው በተፈለገ ቁጥር ልጆች ከመንገድ ይታፈሱ ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ገና ወጣት ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ እያስቀረ ከበድ ያሉ ቃላት ያስተምረን ነበር። አንድ ቀን ወንድሜን ይዤው ገባሁ።

«አንተ ደግሞ የማን ነህ?» አለው።

«ወንድሟ ነኝ፣ ቲቸር። በግል ነው የምፈተነው። ከኋላ ልቀመጥ?»

«ከኋላ የተቀመጠ እንቅልፍ ነው የሚወስደው። ወደ ፊት ና።»

መምህሩ ሽምደዳ አይወድም። ቃሉን ሰሌዳ ላይ ይጽፍና «ትርጉሙን ተዉት፣ ከኑሯችሁ ምሳሌ አምጡልኝ» ይላል። የዚያን ቀን የጻፈው «ሪላክታንት» የሚለውን ነበር። እያቅማማ፣ ሳይወድ በግድ ለሚያደርግ ሰው የሚባል ነው። ወንድሜ እጁን አውጥቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ደሴ ላይ ፀሐይ የምትወጣው እያቅማማች ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ወንድሜ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ከዚያ ወዲያ ያየውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ካልጠራሁ አለ። የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳር የተኮለኮለውን ሰልፍ ሲያይ እጥረት ነው ለማለት «ስኬርስ» ይለኛል። የዘመመና የፈራረሰ አጥር ሲያይ «ዲላፒዴትድ»። አከራያችን «እንግሊዞቹ ገቡ!» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ወንድሜ ፈተናውን ያልፋል ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመንኩት ያኔ ነው።

አንድ ቀን መምህሩ «ኢንኤቪተብል» ብሎ ጻፈ። አይቀሬ ማለት ነው። እጆች ተነሡ። አየንና «ለዚህኛው ምሳሌ ይቅርባችሁ» ብሎ አጠፋው።

ፈተናው ሲቃረብ ወንድሜ ስንቅ ሊያመጣ ኮምቦልቻ ወረደ። በማግስቱ በእሱ ፈንታ እናቴ ደሴ ደረሰች። ነጠላዋ ወደ ትከሻዋ ተንሸራቷል፤ ሳትገባ በሩ ላይ ቆመች።

«መናኸሪያ ላይ ያዙት» አለችኝ። «ስንቁን እንደያዘ።»

ተያይዘን ኮምቦልቻ ወረድን። የታፈሱትን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አጉረዋቸዋል። እናቴ ሊቀመንበሩን በር ላይ አገኘችው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ልጄ ተማሪ ነው።»

«የተማሪ መታወቂያ አለው?»

«በግል ነው የሚፈተነው። ወላሂ፣ ፈተናው ደርሷል።»

«እናት አገርም ፈተና ላይ ናት፣ እናቴ» ብሏት ገባ።

እኔ ዞሬ በመስኮት ወንድሜን አየሁት። የመስኮቱን ብረት ይዞ ቆሟል። ያለቅሳል ብዬ ነበር፤ አላለቀሰም።

«ቲቸርን ንገሪው» አለኝ፤ «ቦታዬን ለሌላ ሰው እንዳይሰጥብኝ።»

ነገርኩት። መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ቀበሌ ሄጄ ብለምንላችሁ» አለኝ፣ «አንተስ ዕድሜህ ስንት ነው ይሉኛል።» ለጥቂት ቀናት የፊተኛው ወንበር ባዶውን ዋለ። በኋላ አንዲት ልጅ ከሰሌዳው ስለራቀባት መጥታ ተቀመጠችበት።

ፈተናው ላይ ከባዶቹን ቃላት አብዛኞቹን አወቅኋቸው። እያንዳንዱን በእሱ ድምፅ፣ በዚያ በማይስተካከል አነባበቡ ነበር የምሰማው። የጣለኝ ሒሳብ ነበር። ሰፈር ውስጥ ሊያስጠናኝ የሚችል ወንድ ልጅ አልቀረም ነበርና ደግሜ አልሞከርኩም። ኮምቦልቻ ተመልሼ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ገባሁ። እዚያ ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ አማርኛም በምልክት ነው። ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉብኝ።

ከወንድሜ አንድም ወሬ አልመጣም። ጦሩ ተፈትቶ ወታደሩ ከሰሜን በእግሩ ሲፈልስ እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በጆግ ይዛ መንገድ ዳር ትቆም ጀመር። አባቴ «ተይ፣ አላህ ያመጣዋል» ቢላት አትሰማም። አንድ ቀን አብሬያት ነበርኩ። እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ ወታደር አስቆመች።

«ልጄን አላየኸውም? ረዘም ያለ፣ ቀጭን፣ ማንበብ የሚወድ።»

ውሃውን ጨርሶ ጆጉን መለሰላት።

«እናቴ» አለ፣ «ሁላችንም ቀጭኖች ነን።»

ወደ ሐርቡ አቅጣጫ ሄደ። እናቴ ጆጉን ሞልታ ወደ መንገዱ ዳር ተመለሰች፤ ለሚያልፈውም ሁሉ ውሃ ሰጠች። ግን ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቀችም።